ዓሣው እንቁላል የሚጥለው ከማሳችሁ ሥር ነው

ዛሬ የምናወጋው ስለ ዓሣ ነው። «እኛ አራሾች ነን፤ ዓሣ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ቆዩ።

በጣና ሐይቅ ውስጥ ከአፉ አጠገብ ቀጭን ጢም ያለው ዓሣ አለ። ብዙ ሰው «ነጭ ዓሣ» ይለዋል። ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች አሉት። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከሐይቁ በታች የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ስለዚህ እነዚህ ቢያልቁ ከታች ወጥቶ የሚተካቸው የለም።

ዓሣው የሚኖረው በሐይቁ ነው። ለመራባት ግን ቢያንስ 7ቱ ዓይነቶች ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ክረምት ሲገባ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይሞላሉ። ያን ጊዜ ዓሣው ሽቅብ እየዋኘ ወደ ትናንሽ ገባሮች ይገባል። ዋናው ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው። ገባሩ ምናልባት ከማሳችሁ ሥር የሚያልፈው ይሆናል።

ምን ፍለጋ ነው የሚደክመው? ጠጠር ፍለጋ። ንጹሕ ጠጠር፣ ፈጥኖ የሚወርድ ውኃ። እንቁላሉን በጠጠሩ መካከል ይጥላል። ጥሎም ይመለሳል። እንደ ዶሮ አይታቀፍም። እንቁላሉም እንደ እኛው አየር ይፈልጋል። አየሩን የሚያገኘው በጠጠሩ መሐል ከሚያልፈው ውኃ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ማሳው እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ታርሷል። ዝናብ መጣ። አፈሩ ታጥቦ ወረደ። ጭቃው ጠጠሩ ላይ ተኛ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነው። እንቁላሉ ታፈነ። አራሹ ለም አፈሩን አጣ፤ አጥማጁም ዓሣውን አጣ።

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት የነጭ ዓሣ ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ለክተዋል። ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ጠፋ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለዚያ በዋናነት የተወቀሰው ገበሬው አልነበረም። ዓሣው ሊወጣ ሲሰበሰብ በወንዞቹ አፍ የሚዘረጋው መረብ ነው። ግን መረቡን ያመለጠችው ዓሣ ጠጠሩን ጭቃ ለብሶ ካገኘችው ምን ታድርግ?

ከወንዙ ዳር ጥቂት እርምጃ መሬት ሳታርሱ ተዉ። ሣር ይብቀልበት። አኻያ፣ ዶቅማ ወይም ሾላ ካለበት አትቁረጡት። ሥሩ አፋፉን ይይዛል፤ ጥላው ውኃውን ያቀዘቅዛል፤ ከቅጠሉ የሚወድቀው ትል ለዓሣው ምግብ ነው። ማሳው ለጠበበበት ሰው ጥቂት ትልም መተው ቀላል አይደለም፤ ይህን እናውቃለን። ነገር ግን አፋፉ ሲናድ ትልሙም አብሮ ይሄዳል። ሣሩን ደግሞ አጭዳችሁ ለከብት ትሰጡታላችሁ።

ከብት በየቦታው ወርዶ አፋፉን እንዳይንድ አንድ የውኃ መጠጫ ምረጡ። መሬቱ የጠነከረ፣ አፋፉም ዝቅ ያለ ይሁን።

በበጋስ? የዓሣው ጫጩቶች ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ሐይቅ አይወርዱም። ከፊሎቹ ወንዙ ውስጥ በሚቀሩ ኩሬዎች ያድጋሉ። ሁሉም ሰው ፓምፑን ባንድ ቀን ካስነሳ ኩሬው ይደርቃል፤ ጫጩቱም ያልቃል። ተራ ግቡ። የውኃ አባት ካላችሁ ተራውን እሳቸው ያውጡ።

ከሁሉ የከፋው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመር ነው። ትልቁንም ትንሹንም፣ እንቁላል የያዘችውንም ባንድነት ይፈጃል። የተባይ መድኃኒት መርጫውንም ወንዝ ውስጥ አትጠቡ። ከታች ያንኑ ውኃ የሚጠጣ ሰው አለ።

ወንዛችሁ ደኅና መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በጥቅምት፣ ውኃው ሲጠራ፣ ወደ ወንዙ ውረዱ። አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ሥሩ ንጹሕ ከሆነ፣ ትናንሽ ነፍሳትም ከተጣበቁበት፣ መልካም ነው። ጭቃ ብቻ ከሆነ ቀና ብላችሁ ከላይ ያለውን ማሳ እዩ። ድንጋዩንም ወደ ቦታው መልሱ፤ ሥሩ ያሉት ነፍሳት የዓሣው ቀለብ ናቸው።

በሉ፣ ደኅና ሰንብቱ።