«እኔ አይደለሁም» የሚባልበት ወንዝ

ባለፈው ሳምንት ከጉልት የገዛችሁትን የቆስጣ እስር እስቲ አንድ ጊዜ አስታውሱት። ቅጠሉ ሰፊና ለምለም እንደነበረ አንጠራጠርም። በዋጋው ስትከራከሩ «በየትኛው ውሃ ነው የበቀለው?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ? ብትጠይቁም ሻጯ «እኔ አምጥቼ እሸጣለሁ እንጂ አላበቅል» ትላችኋለች። አቃቂ ወንዝ ዳር ወርዳችሁ አትክልተኛውን ብታነጋግሩት ውሃውን ያበላሹት ከላይ ያሉት ፋብሪካዎች ናቸው ይላል። የፋብሪካው ሰው የሰፈሩን መጸዳጃ ቤት ያመለክታል፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱን።

የሚያስገርመው ሁሉም ከእውነት ላይ አንዳንድ ቁራጭ መያዛቸው ነው። ታላቁና ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ በስተሰሜን ካሉት ተራሮች ተነስተው አዲስ አበባን በየፊናቸው ካቋረጡ በኋላ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በመንገዳቸው የጋራዡን የተቃጠለ ዘይት፣ ቆዳ ለማልፋት የገባውን ክሮም፣ የጨርቃ ጨርቁን ቀለም ይቀበላሉ። ክረምት ሲገባም ጎርፉን ተገን በማድረግ ከየግቢው የሚለቀቀው የመጸዳጃ ጉድጓድ አለ። አቃቂ ቃሊቲ ከግርጌ ያለ በመሆኑ ከላይ የተጣለው ሁሉ በደጁ ያልፋል።

ከግርጌ ያለው ግን ተቀባይ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ ጥቂት የማይባለው የሚሳበው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። በወንዙ ዳር የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣም ተመልሶ የሚወጣው ወደዚያው ወደ ላይኛው ከተማ ገበያ ነው። የደፋነው ነገር አንድ ዙር ዞሮ በሰሃን ይቀርብልናል ማለት ነው።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂ ወንዝ መበከል የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይደርስበትም፣ ስለ ብክለት አቤት የማለት መብት አለው። ባለሥልጣኑ ግን ሊጠየቅ የሚገባው እኔ አይደለሁም ሲል ተከራከረ፤ ክሱም ውድቅ ሆነ። ከጉልት እስከ ችሎት የተሰማው ቃል አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ በሉልን።

አሁን ደግሞ ወደ ቤት እንግባ። ወቀሳም እንደ ወንዙ ቁልቁል ይወርዳልና ማረፊያው የት እንደሆነ የምታውቁት እናንተ እናቶች ናችሁ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው አባት ከሥራ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አብልተሽው ነው?» ብሎ ነው። አማት ይደግሙታል፤ ጎረቤትም በልቧ ትለዋለች። ያቺ እናት ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በጀሪካን በቆጠበችው ውሃ ጎመኑን ሁለት ጊዜ አጥባ ይሆናል። ከዚያ በላይ ምን ታድርግ? በእርግጥ ቅጠሉን አንድ በአንድ በንጹሕ ውሃ ማጠብና በሚገባ ማብሰል ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያንንና የትላትል እንቁላልን ይከላከላል። በወንዝ ውሃ የበቀለ ሰላጣ በጥሬው ባይበላ ይመረጣል። ነገር ግን ተክሉ በሥሩ የሳበው እንደ ክሮምና እርሳስ ያለ ብረት በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወጣም። ይህን የእናት እጅ አያስተካክለውም። የማይቻላትን ነገር እንደ ጥፋት መቁጠር ልጁን አያድነውም፤ ባልና ሚስትን ከማቆራረጡ በቀር።

ለአትክልተኛውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ማሳው የልጆቹ እንጀራ ነው፤ «ተው» ማለት ብቻ «ጦምህን እደር» ማለት ይሆንበታል። የማጣሪያ ገንዘብ ያለው በፋብሪካው እጅ ነው፤ የመቆጣጠሩ ሥልጣን በመንግሥት እጅ። በዚህ ላይ ማለባበስ አያስፈልግም። ሸክሙ የጋራ ነው ሲባል እኩል ነው ማለት አይደለምና።

የእኛስ ድርሻ? ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ በ2010 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተደርጓል። ይሁንና ማጣሪያው የሚያጣራው የደረሰውን ብቻ ነው፤ ከመስመሩ ያልተገናኘ ቤት ወይም በሌሊት ወደ ቦይ የተለቀቀ ጉድጓድ በደጁም አያልፍም። ጉድጓድ የሚመጥ መኪና ለማስመጣት አንድ አባወራ አቅም ሊያጥረው ይችላል። አንድ መጸዳጃ የሚጋሩ አምስት ስድስት ቤተሰቦች ግን በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ ክረምትን አይጠብቁም። ድንኳንና ድስት በጋራ መግዛት የለመደ ዕድር ይህን ማድረግ እንዴት ይከብደዋል?

በሚቀጥለው የዕድራችሁ ስብሰባ ጉዳዩን አንሱት። ወንዶቹም ይስሙ። የመጸዳጃ ጉድጓድ ጉዳይ የሴቶች ጉዳይ ነው ብሎ የደነገገ ማንም የለም። አንድ ሰው «ከላይ ያሉት ሳያቆሙ እኛ ብናቆም ምን ይፈይዳል?» ማለቱ አይቀርም። እሱን አትቆጡት፤ ከእናንተ በታች ወንዙን የሚጠብቅ ሌላ ሰፈር መኖሩን ብቻ ጠቁሙትና መዋጮው ስንት ይሁን ወደሚለው እለፉ።