ለፍርድ የተቀጠረ መዝገብ ስንት ጊዜ ይቆያል?

በፍርድ ቤቶቻችን ስለሚጓተተው ፍርድ ብዙ ይወራል፤ የሚቆጠረው ግን ጥቂት ነው። በተለይ ክርክሩ አልቆ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ መዝገቡ ለፍርድ ከተቀጠረ በኋላ ያለው ጊዜ ከሕዝብ ዓይን የራቀ ነው። ባለጉዳዩ በቀጠሮው ቀን ይቀርባል፤ መዝገቡ ተመርምሮ አላለቀም ተብሎ ተለዋጭ ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል። በዚያው ችሎት ስንት ሰው እንደሱ እንደሚጠብቅ የሚነግረው የለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ስንት መዝገብ እንደተዘጋ ይገለጻል፤ እንዲህ ያለው ድምር ግን በአንድ ወር ያለቀውንም ዓመታት የፈጀውንም እኩል አንድ ብሎ ይቆጥራል። የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ እየታተሙ መውጣታቸው የሚያስመሰግን ነው። እዚያም ቢሆን ራስጌው ላይ ያለው ውሳኔው የተሰጠበት ቀን ነው፤ ክርክሩ መቼ እንዳበቃ አይታይም። የደርግ ባለሥልጣናት ክስ በ1987 ዓ.ም. መሰማት ጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው በ1999 ዓ.ም. መሰጠቱን አገር ያውቃል። ያንን 12 ዓመት ያስቆጠረው የጉዳዩ ታዋቂነት ነው፤ የአንዲት መበለት የውርስ ክርክር ግን ቆጣሪ የለውም።

ሕንድ በዚህ ጉዳይ ብዙ ታስተምራለች። የፓትና ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ የወንጀል ይግባኝ ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ፍርዱን ሁለት ዓመት ገደማ በማቆየቱ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 መመሪያ አወጣ። ክርክሩ ያለቀበትና ፍርዱ የተሰጠበት ቀን በፍርዱ የመጀመሪያ ገጽ እንዲሰፍር፣ 3 ወር ካለፈ ተከራካሪው እንዲያመለክት፣ 6 ወር ካለፈም ጉዳዩ ወደ ሌላ ችሎት እንዲዛወር መጠየቅ እንዲችል አዘዘ። ሆኖም አንድ ዜጋ በራሱ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለፍርድ የተቀጠሩትን መዝገቦች ብዛት በመረጃ ነፃነት ሕጉ ሲጠይቅ፣ መረጃው በዚያ መልክ አልተያዘም ተባለ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2016 ያልተጠናቀረን መረጃ አጠናቅራችሁ ስጡ ማለት አይቻልም ብሎ ወሰነ። እንግዲህ መረጃ የማግኘት መብት ብቻውን አይበቃም፤ አስቀድሞ የመመዝገብ ግዴታ ያስፈልጋል።

የዳኝነት ነፃነት ይነካል የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛው ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመራ ያዛል፤ ይህ ጥበቃ ለውሳኔው ይዘት ነው። መዝገቡ ስንት ቀን እንደቆየ መግለጽ ዳኛውን ለማን ፍረድ አይለውም። ጥድፊያ ፍርድን ያበላሻል የሚለው ስጋት ግን ተገቢ ነው፤ ውስብስብ ጉዳይ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህም ነው ከቀኑ ጋር ምክንያቱ አብሮ እንዲሰፍር የምጠይቀው። ዳኞች በሥራ ብዛት መጨናነቃቸውም እውነት ነው፤ ተጨማሪ ዳኛና በጀት ለመጠየቅ ከዚህ የቀን ምዝገባ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ለተከሳሽ ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ የመሰማት መብት ሰጥቶታል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መንግሥት የያዘውን መረጃ የማግኘት መብት ደንግጓል። ፍርድ ቤቶች አዲስ ሕግ ሳይጠብቁ ክርክሩ ያለቀበትንና ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን፣ ከመዘግየቱ ምክንያት ጋር፣ በእያንዳንዱ ፍርድ ላይ ያስፍሩ፤ ለፍርድ ተቀጥረው ከ3 ወር በላይ የቆዩትን መዝገቦች ብዛትም በየችሎቱ ለይተው በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ያውጡ።