የአንዲት ፊደል ጉዞ፦ ከመርካቶ ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው የእሳት አደጋ ብዙ ነጋዴዎች ንብረታቸውን ሲያጡ፣ የአጎቴ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ራቅ ብሎ በመገኘቱ ተረፈ። እንቅልፋቸው ግን አልተረፈም። የጅምላ ነጋዴ ሸቀጡ ቢቃጠል ተበድሮ ይተካል፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ደንበኛ ስንት ጣቃ በዱቤ እንደወሰደ የሚመሰክረው መዝገብ ከነደደ ግን የሚተካው ነገር የለም። ስለዚህ አጎቴ ምክር ሰምተው መዝገባቸውን የመርካቶ እሳት ከማይደርስበት አገር አስቀመጡት። የሒሳብ ፕሮግራሙ በጀርመን ፍራንክፈርት በሚገኝ የኪራይ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ተጫነ። በሱቁ የቀረው ኮምፒውተር የዚያን ሩቅ ማሽን ገጽ የሚያሳይ መስኮት ብቻ ሆነ።

ባለፈው የበዓል ሰሞን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ የተማርከው ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው?» አሉ። ማሽኑ ይንቀረፈፋል፤ አንድ ሽያጭ እስኪመዘገብ ደንበኛ ያኮርፋል። አጎቴ ሁለት ነገር ወስነው ነበር፦ የኢንተርኔቱን መስመር በእጥፍ ክፍያ ለማሳደግና «እጇ ከባድ ነው» ያሏትን ሒሳብ ያዥ በሌላ ለመተካት። ሁለቱም ከመፈጸማቸው በፊት ሱቁን እንዳይ ለመንኋቸው።

ቨርቹዋል ማሽን ብቻውን የቆመ ዕቃ አይደለም። አንድ የመርካቶ ሱቅ በጣውላ ተከፋፍሎ ለአራት ነጋዴ እንደሚከራይ ሁሉ፣ የአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ፕሮሰሰርና ሜሞሪ በሶፍትዌር ተሸንሽኖ ለብዙ ተከራይ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ተከራይ ግን ሙሉ ኮምፒውተር የያዘ ይመስለዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሠርተውበታል። ወደ ማሽኑ የሚያስገባው ሪሞት ዴስክቶፕ ደግሞ ከዚህ የቁልፍ ምትንና የማውስ እንቅስቃሴን ይልካል፤ ከዚያ የተለወጠውን የገጽ ምስል ይቀበላል። እንግዲህ ሒሳብ ያዥዋ አንዲት ፊደል ስትመታ፣ ፊደሏ በዐይኗ ፊት የምትታየው ፍራንክፈርት ደርሳ ከተመለሰች በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማሽኑ ራሱ ነበር። ታስክ ማናጀሩን ከፍተን ስናይ ፕሮሰሰሩም፣ ሜሞሪውም፣ ዲስኩም ሥራ ፈት ናቸው። ጎረቤት ተከራይ ያጨናነቀው ማሽን ከውስጥ ሲታይ ሥራ ፈት ሊመስል ስለሚችል፣ የዓመቱን ሪፖርት አሠርተን ሰዓት ያዝን፤ በሦስት ሰከንድ ጨረሰው። ተጠርጣሪው በነጻ ተለቀቀ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ርቀት ነው፤ እዚህ ላይ ፊዚክስ የራሱን ድርሻ ይጠይቃል። ብርሃን በባዶ ሕዋ በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በፋይበር ኦፕቲክ መስታወት ውስጥ ግን ፍጥነቱ ለ1.47 ያህል ተካፍሎ ወደ 204,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ 10,600። ቀጥ ያለ የመስታወት መስመር ቢዘረጋ እንኳ ጉዞው 52 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህን የሚያሳጥር መሐንዲስ የለም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንደኛው መንገድ በጅቡቲ ወርዶ፣ በቀይ ባሕር ሽቅብ ወጥቶ፣ ግብፅን ተሻግሮ፣ በሜድትራንያን በኩል አውሮፓ ይገባል። የአንዱ ጉዞ ርዝመት 9,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 90 ሚሊ ሰከንድ ሊሞላ ይቃረባል፤ በየመገናኛው ያሉት ራውተሮች የሚወስዱት ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በፒንግ ስለካው 148 ሚሊ ሰከንድ አገኘሁ። (በ1990ዎቹ መጨረሻ የወረዳኔት ጣቢያዎች ይጠቀሙበት የነበረው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅ እንደነበር ያስታውሷል።)

መስመሩን በእጥፍ ማሳደግ ይህን ይፈውሳል? አይፈውስም። ከጅቡቲ ጨርቅ የሚያመጣ አንድ ኢሱዙ ሁለት ቀን ቢፈጅበት፣ አሥር ኢሱዙ ብንልክ አሥር እጥፍ ጣቃ ይደርሰናል እንጂ የመጀመሪያው ጣቃ ቀድሞ አይመጣም። የመስመር ስፋትና የጉዞ ጊዜ ሁለት የተለያዩ መጠኖች ናቸው፤ የሚሸጥልን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ጣጣው ይበዛል። በድምፅ አጻጻፍ ስልት «ሳ» ለመጻፍ አስቀድሞ «ስ» ትመታለች፤ ከዚያ አናባቢው ሲጨመር «ሳ» ትሆናለች። ምስሉ ሲዘገይ ጸሐፊው ሳድሱን አይቶ የተሳሳተ ይመስለዋል፤ ያጠፋል፤ የጠፋው ግን የተስተካከለው ፊደል ነው። ሒሳብ ያዥዋ የምትወቀስበት የደንበኛ ስም ግድፈት ግማሹ ከዚህ የመነጨ ነበር።

ይሁን እንጂ 148 ሚሊ ሰከንድ ያሰለች ይሆናል እንጂ ደንበኛ አያስኮርፍም። ግራ ገብቶኝ ሳለሁ ልጅቷ አንድ ደብተር ዘረጋችልኝ። «ዶክተር፣ ሁልጊዜ አይደለም የሚዘገየው። የቆመበትን ሰዓት ጽፌዋለሁ፤ ጋሼ ግን አላዩልኝም» አለች። ለሦስት ሳምንት ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፊደሉ እስኪመጣ የቆጠረችውን ሰከንድ መዝግባለች። ጠዋት ምንም የለም፤ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ገጹ በረድፍ ሞልቷል፤ እሑድ ባዶ ነው። የራሴ ተማሪዎች የላቦራቶሪ ደብተራቸውን እንዲህ ቢይዙልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

10 ሰዓት ላይ እንደገና ለካሁ። ከኮምፒውተሩ እስከ ሱቁ ራውተር 2 ሚሊ ሰከንድ፤ እስከ ፍራንክፈርት 1,200። ዞር ስል የአጎቴ ልጅ በጓዳ ሆኖ አዲስ የገባውን ጨርቅ በስልኩ ቀርጾ ቪዲዮውን ለደንበኞቹ በቴሌግራም ይለቃል። የብዙ ቤት መስመር ለመቀበል ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ነው። የሱቁ መላኪያ በሰከንድ 2 ሚሊዮን ቢት ያህል ሲያሳልፍ ራውተሩ ያልተላከውን ሁሉ ላለመጣል በሜሞሪው ወረፋ ያስይዛል። ወረፋው 250 ኪሎ ባይት ቢደርስ፣ ይህም 2 ሚሊዮን ቢት ነውና፣ መጨረሻ የመጣው እሽግ አንድ ሙሉ ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል። ከመቶ ባይት ብዙ የማትበልጠው የቁልፍ ምትም ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፋ፣ በሰባተኛ መንገድ ከጭነት መኪና ኋላ እንደተያዘ ደብዳቤ አድራሽ ቆማ ትቀራለች። ፍራንክፈርት የደረሰች መስሎን ነበር፤ ገና ከመርካቶ አልወጣችም።

ፈውሱ ገንዘብ አልጠየቀም። በራውተሩ ላይ የልጁ ስልክ የመላኪያ ፍጥነት ከመስመሩ አቅም በታች እንዲሆን ተገደበ፤ ወረፋው ሳይፈጠር ቀረ። ሪሞት ዴስክቶፑ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በዩ.ዲ.ፒ. መጓዝ ስለሚችልና አንድ እሽግ ሲጠፋ ሌላውን ሁሉ አስቁሞ ስለማይጠብቅ፣ ተዘግቶ የነበረውን ይህን መንገድ በቪ.ፒ.ኤን. ውስጥ ከፈትንለት። (በሩን ያለ ቪ.ፒ.ኤን. ለዓለም ክፍት አድርጎ መተው የይለፍ ቃል ለሚሞካክር ሌባ ቁልፍ ከማቀበል አይለይም።) የገጹን የጀርባ ሥዕልና ጌጣጌጥ አጠፋን። በዚያው ቀን 10 ሰዓት ተኩል ላይ መዘግየቱ 155 ሆነ።

የቀረው የርቀቱ ነገር ነው፤ አጎቴን ስለ ቀይ ባሕር ያጫወትኋቸው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሦስት ገመዶች ከየመን አቅራቢያ ተበጠሱ፤ ጳጉሜ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከጅዳ አጠገብ ሌሎች ተቆርጠው፣ ማይክሮሶፍት የአዙር ደንበኞቹን በመካከለኛው ምሥራቅ የሚያልፈው ግንኙነት ሊዘገይ እንደሚችል አስጠነቀቀ። መረጃው በሌላ አቅጣጫ ዞሮ ይደርሳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ትርፍ ሺህ ኪሎ ሜትር በደርሶ መልሱ ላይ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይጨምራል። የመርካቶን እሳት የሸሸው መዝገብ በመርከብ መልሕቅ እጅ ወደቀ ማለት ነው።

አጎቴ ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ እዚሁ አገር ማሽን አይከራይም?» አሉ። ይከራያል፤ በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው የአይ.ሲ.ቲ. ፓርክ የመረጃ ማዕከሎች ተከፍተዋል። ከሱቁ በቀጥታ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ብርሃን ደርሶ ሲመለስ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ አምስት እጅ አንዱን ብቻ ይወስዳል። «እዚያስ እሳት የለም?» ሲሉ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ስለዚህ የሚሠራበት ማሽን ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ የመዝገቡ ቅጂ ግን ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በየሌሊቱ ወደ ፍራንክፈርት ይላካል። ቅጂ መዘግየት አይጎዳውም፤ የሚጠብቀው ሰው የለምና።

በመጨረሻ ስለካው መዘግየቱ 9 ሚሊ ሰከንድ ነበር። የመስመሩ ክፍያ እንደነበረ ነው፤ ሒሳብ ያዥዋም በቦታዋ ናት፤ አጎቴ ይቅርታ የጠየቋት በደመወዝ ጭማሪ ነው መሰለኝ፣ በቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። ደብተሩን ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ላሳይበት ተውሼው ሄጃለሁ፤ እስካሁን አልመለስሁላትም።