የአርሶ አደሮች የምርምር መረብ፦ አባል ሆኖ ዝርያ መፈተሽ



አንድ የስንዴ ዝርያ በምርምር ጣቢያ ጥሩ ምርት ስለሰጠ ብቻ በእናንተ ማሳም እኩል ይሰጣል ማለት አይደለም። አፈሩ፣ ከፍታውና የዝናቡ ሁኔታ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል። ይህን ልዩነት ማወቅ የሚቻለው ብዙ አርሶ አደሮች በየማሳቸው ሞክረው ውጤቱን በአንድ ላይ ሲያሰባስቡ ነው። የምርምር መረብ የምንለውም ይህንኑ ነው።

ከአገራችን ተሞክሮ

በአማራ ክልል ገረገራ እና በትግራይ ክልል ሐገረ ሰላም 60 ሴትና ወንድ አርሶ አደሮች 400 የዱረም ስንዴ ዓይነቶችን ከተመራማሪዎች ጋር ገምግመዋል። አብዛኛው ዘር የተገኘው ከአገራችን የዘር ባንክ ነበር። አርሶ አደሮቹ ከተሻሻሉ ዝርያዎች ይበልጥ የወደዷቸው የአገር ዘሮች ተገኝተዋል።

አሠራሩ

1. እያንዳንዱ አባል ስማቸው ያልተገለጸ፣ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» የሚል ምልክት ያላቸው የሦስት ዝርያዎች ጥቂት ዘር ይረከባል። ስሙ የማይነገረው ፍርዳችሁ በዝርያው ዝና እንዳይሳብ ነው።
2. ሦስቱንም ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን፣ በእኩል መደብ ዝሩ። ማዳበሪያውም አረሙም እኩል ይሁን። አንዱን ለይታችሁ ከተንከባከባችሁ ንጽጽሩ ይበላሻል።
3. የትኛው ቶሎ ደረሰ? የትኛው ዋግ መታው? የማንኛው ዛላ ይበልጣል? የሚበልጠውንና የሚያንሰውን ለዩ። እንጀራውንና ዳቦውን ደግሞ የቤት እመቤቷ ትፍረድ።
4. ውጤቱን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አስመዝግቡ።

ያልተሳካውንም ተናገሩ

በእናንተ መደብ የደረቀው ዝርያ ለጎረቤት ትልቅ ትምህርት ነው። አፍራችሁ ብትደብቁት ሌላው ሙሉ ማሳውን ዘርቶበት የዓመት ቀለቡን ሊያጣ ይችላል።

ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ

መረጃው ለማን ይደርሳል? ስማችን ይጠቀሳል ወይስ አይጠቀስም? የሁሉም ማሳ ውጤት ተጠቃሎ መቼ ይነገረናል? ውጤቱ ተመልሶ ካልመጣላችሁ መረቡ ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው።

ለሙከራው ትንሽ መደብ ይበቃል፤ ዋናውን ማሳችሁን በምታውቁት ዘር ሸፍኑ። አባል ለመሆን የምትፈልጉ ዘር ከመዝራት አስቀድሞ የቀበሌያችሁን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አነጋግሩ።