የልጆቻችን የምናብ ቡድን



በአንድ ወዳጃችን ቤት ሳለን የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሁላችንም ለውዱእ ስንነሣ የቤቱ ታላቅ ልጅ ግን ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተንቀሳቀሰም። እናቱ ስትጣራው «እማዬ፣ አሁን ጥዬ ከተነሣሁ ተሸነፍኩ ማለት ነው» አላት። ልጁ አልዋሸም። በኢንተርኔት ከማያውቀው ሰው ጋር እየተጋጠመ ስለነበር ጨዋታውን እንዳሻው ሊያቆመው አይችልም። ከሰላት በኋላ አጠገቡ ተቀምጠን ስለ ጨዋታው ጠየቅነው፤ ሌሎች ወጣቶችንም አነጋገርን።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ለብዙ ዓመታት «ፊፋ» ሲባል የኖረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደግሞ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» የተባለው የኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያ የኳስ ጨዋታ ነው። በውስጡ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ «አልቲሜት ቲም» የሚባል ክፍል አለ። እዚህ ክፍል የሚገባ ሰው ያለ ክለብ ይዞ አይጫወትም፤ የራሱን የምናብ ቡድን ያቋቁማል እንጂ። ኳስ ተጫዋቾቹ በካርድ መልክ ይገኛሉ። ካርዶቹ በታሸገ ጥቅል የሚመጡ ሲሆን ጥቅሉ ተጫውተው ባገኙት ሳንቲም፣ አለዚያም በእውነተኛ ገንዘብ በተገዛ ነጥብ ይገዛል።

ወጣቶቹ ምን ይላሉ?

የሚወዱት ምክንያት አላቸው። ጫማቸውን የሰቀሉ ዝነኞችን ከዛሬዎቹ ጋር በአንድ ቡድን ማሰለፍ ያስደስታቸዋል። አንዳንዶቹ አንድ ሳንቲም ሳያወጡ፣ ካርድ በርካሽ ገዝተው በውድ እየሸጡ ጥሩ ቡድን እንደሚሠሩ በኩራት ይናገራሉ። ለእነዚህ ጨዋታው የትዕግሥትና የችሎታ ነው።

ሌሎቹ ግን ያማርራሉ። ገንዘብ ያለው ልጅ ጥቅል እየገዛ ይበረታል፤ የሌለው ደክሞ ይሸነፋል ይላሉ። ዓመቱ አልፎ አዲሱ እትም ሲወጣም የተሰበሰበው ቡድን አብሮ አይሻገርም፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ከሁሉ የከበደው ቅሬታ ግን ጥቅሉ ሳይከፈት በውስጡ ማን እንዳለ አለመታወቁ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የዕድሉን መጠን በመቶኛ ይገልጻል፤ በ2021ም ይዘታቸው ከመገዛታቸው በፊት የሚታዩ ጥቅሎችን አቅርቧል። ያም ሆኖ ክርክሩ አልቆመም።

ጊዜውስ?

እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ፊፋ 17» ከዓርብ ጀምሮ በሳምንቱ መጨረሻ የሚካሄድ ውድድር ተጀመረ። በጊዜው እስከ 40 ግጥሚያ ይፈቀድ ነበር። አንዱ ግጥሚያ ዕረፍቱ ሳይቆጠር 12 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። 40ውን ያጠናቀቀ ልጅ 480 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ተጫውቷል ማለት ነው። ቁጥሩ በኋላ ወደ 30፣ ቀጥሎም ወደ 20 ተቀንሷል። መቀነሱ በራሱ ሸክሙ ከባድ እንደነበር ያሳያል።

አገሮችስ ምን ወሰኑ?

የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለው የጥቅል ሽያጭ የቁማር ሕግን ይጥሳል አለ፤ ኩባንያውም በ2019 መጀመሪያ በዚያ አገር ነጥብ መሸጥ አቆመ። በኔዘርላንድስ ግን ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2022 ጥቅሉ የአንድ የችሎታ ጨዋታ ክፍል እንጂ ራሱን የቻለ ቁማር አይደለም ብሎ ቅጣቱን ሽሯል። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ ኩባንያው መጋቢት 2021 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመቱ በተለያዩ የስፖርት ጨዋታዎቹ ካሉት የ«አልቲሜት ቲም» ክፍሎች በድምሩ 1.62 ቢሊዮን ዶላር አግኝቷል።

እኛ ሙስሊሞች ግን ከፍርድ ቤቶቹ በፊት የምናየው ሚዛን አለን። በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛና 91ኛ አንቀጾች ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር ተከልክሏል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ከሰላት ማዘናጋቱ ነው። ኳስ መጫወትና ለማይታወቅ ነገር ገንዘብ መክፈል ግን አንድ አይደሉም። ዝርዝር ብይኑን ለዑለማዎች እንተወዋለን፤ ጥያቄውን ይዞ ወደ እነርሱ መሄድ ግን የወላጅ ፋንታ ነው።

ወላጅ ምን ያድርግ?

የጨዋታ ማሽኖቹ የወላጅ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ የልጁን ወጪ ዜሮ ማድረግም ሰዓቱን መገደብም ይቻላል። የባንክ ካርድ በማሽኑ ላይ ተመዝግቦ አይተው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አጠገባቸው ተቀምጠን እንጠይቃቸው።

ያ የወዳጃችን ልጅ ከእናቱ ጋር ተስማምቷል፤ ሰላት ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አዲስ ግጥሚያ አይጀምርም። አባቱም ሐሙስ ማታ አብሮት ሊጫወት ቃል ገብቷል። እስካሁን ግን አባት አንድም ጊዜ አላሸነፈም።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።