የኮምፒዩተር ጨዋታ ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላልን?

ዕቃ ቤት በሚጸዳበት ቀን ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ካርቶን መገኘቱ በየቤቱ የተለመደ ነገር ነው። በውስጡም የተሰበረ አሻንጉሊት፤ ያለቀ ደብተር፤ ምን እንደ ያዘ የማይታወቅ ዲስክ ተደባልቆ ይገኛል። የቤቱም እመቤት «ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» ብላ ወደ ቆሻሻ መጣያ ልታወጣው ትነሣለች። እኛም ዛሬ ስለ እንዲህ ያለው ካርቶን፤ ይልቁንም በውስጡ ስላለው ዲስክ ጥቂት ለመናገር አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን አስቀድመው ይወቁልን።

በአሜሪካ አገር ጆርዳን ሜክነር የሚባል ደራሲ አለ። ገና ወጣት ሳለ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» ማለት «የፋርስ ልዑል» የተባለውን ጨዋታ አፕል 2 ለሚባለው ኮምፒዩተር አዘጋጅቶ በ1989 ዓ.ም. አወጣ። ሥራው የአንድ ሰው ሥራ ቢባልም የቤተ ሰቡ እጅ አለበት። ልዑሉ ሲሮጥና ሲዘል የሚታየው እንቅስቃሴ የተገኘው ታናሽ ወንድሙ ነጭ ልብስ ለብሶ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ካሜራ ተነሥቶ፤ ከዚያም ሥዕል በሥዕል ተገልብጦ ነው። ዜማውንም የደረሱለት አባቱ ናቸው። ጨዋታው በብዙ አገር ታወቀ፤ ለልዩ ልዩ ኮምፒዩተርም ተዘጋጀ። ነገር ግን ደራሲው በእጁ የጻፈውን ዋናውን የትእዛዝ ጽሑፍ፤ ባለሙያዎች ሶርስ ኮድ የሚሉትን፤ ከዓመታት በኋላ ቢፈልገው አጣው፤ ጠፍቷል ብሎም ተስፋ ቈርጦ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. አባቱ ከቁም ሣጥን ኋላ ተሸሽጎ ያገኙትን አንድ አሮጌ ካርቶን ላኩለት። ቢከፍተው ያ ሲፈልገው የነበረው ጽሑፍ የተቀመጠባቸው ትናንሽ ዲስኮች ተገኙ። ሆኖም ከሃያ ዓመት በላይ የቈየ ዲስክ ዛሬ በተገዛ ኮምፒዩተር ውስጥ ቢያስገቡት አይነበብም። ስለዚህ የድሮውን መሣሪያ የሚያውቁ ሰዎች አሮጌ ኮምፒዩተራቸውን ተሸክመው መጡና ጽሑፉን በጥንቃቄ እያነበቡ አወጡት። ደራሲውም ያየው ሁሉ እንዲማርበት በኢንተርኔት ላይ አኖረው። እኒያ አባት ዕቃ ቤታቸውን ባጸዱ ቀን ጨክነው ካርቶኑን ጥለውት ቢሆን ኖሮ የልጃቸው የብዙ ዓመት ድካም ከቆሻሻ ጋራ በሄደ ነበር።

እንግዲህ ዲስኩን መጠበቅ የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ከዚሁ ታሪክ እንረዳለን። የብራና መጽሐፍ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ፊደል የሚያውቅ ሰው ገልጦ ያነበዋል። የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን እንዲህ አይደለም። ጨዋታው የሚናገረው ለሰው ሳይሆን ኮምፒዩተሩን ለሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነውና፤ አስተዳዳሪው ሲለወጥ ቋንቋው ይጠፋበታል። አንድ ሰው በ1994 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 3.1 የተሠራ ጨዋታ ገዝቶ ዲስኩን በንጽሕና ጠብቆ ለልጁ አቈየለት እንበል። ልጁ በዛሬው ዊንዶውስ 11 ሊከፍተው ቢሞክር አይከፈትለትም። የዚያን ጊዜ ፕሮግራሞች 16 ቢት በሚባለው አሠራር የተጻፉ ሲሆኑ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 64 ቢት ብቻ ስለ ሆነ እነዚያን አይቀበልምና ነው። ጨዋታው አልተበላሸም፤ ዲስኩም አልተቧጨረም፤ የሚያናግረው ብቻ ታጣ።

በዚህ ጊዜ ነው የሊኑክስ ነገር የሚነሣው። ሊኑክስ ማለት ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ ተማሪ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1991 ዓ.ም. የጀመረው፤ ኮምፒዩተርን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። ልዩ የሚያደርገው ማንም ሰው በነፃ ወስዶ ሊያየው፤ ሊያርመውና ለሌላው ሊሰጠው የተፈቀደ መሆኑ ነው። መቼም ለዊንዶውስ የተሠራ ጨዋታ በሊኑክስ ቤት እንግዳ ነው፤ ቋንቋውን አያውቅም። ስለዚህ በ1993 ዓ.ም. ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ዋይን የተባለውን መገናኛ መሥራት ጀመሩ። ቀድሞ በቤተ መንግሥት ባለጉዳይ ከንጉሥ ፊት በቀጥታ አይገባም ነበር፤ ባልደረባው ጉዳዩን ተቀብሎ ያቀርብለታል፤ መልሱንም ያመጣለታል። የዋይንም ሥራ እንዲሁ ነው። ጨዋታው በዊንዶውስ ቋንቋ «መስኮት ክፈትልኝ፤ ድምፅ አሰማልኝ» ሲል ዋይን ይቀበልና በሊኑክስ ቋንቋ ይጠይቃል፤ ጨዋታውም ከቤቱ እንዳልወጣ ሆኖ ይሠራል።

ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። የመጀመሪያው ሙሉ እትም ተብሎ የወጣው በ2008 ዓ.ም.፤ ማለት ከተጀመረ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ነገር ግን ፍሬው እጅግ የሚያስደንቅ ሆነ፤ ያ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያለውን የ16 ቢት ፕሮግራም ዋይን በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ሊያሠራው ይችላልና። የገዛ ልጁ ደጁን የዘጋበትን ሽማግሌ ጎረቤት ጠርቶ እንዳስተናገደው ያህል ነው። ከዊንዶውስ በፊት በዶስ ጊዜ ለተሠሩት ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የወጣው ዶስቦክስ አለላቸው፤ እርሱ የድሮውን ኮምፒዩተር ከነድምፅ መሣሪያው አስመስሎ ያቀርባል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከፈቃደኞች እጅ ወደ ገበያ ወጣ። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዋይን ላይ ተመሥርቶ ፕሮቶን የተባለውን በ2018 ዓ.ም. አወጣ፤ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በእጅ የሚያዝና በሊኑክስ የሚሠራ ስቲም ዴክ የሚባል መጫወቻ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ብዙ ልጆች በዚህ መሣሪያ ሲጫወቱ በሥሩ ሊኑክስ እንዳለ እንኳ አያውቁም።

ይሁን እንጂ ሊኑክስን ያለ ነቀፋ ብናመሰግነው ለአንባቢ እውነቱን ሰወርን ማለት ነው። ሎኪ የሚባል ኩባንያ በ1998 ዓ.ም. ተቋቁሞ የታወቁ ጨዋታዎችን በቀጥታ ለሊኑክስ እያዘጋጀ ይሸጥ ነበር፤ ገበያ አጥቶ በ2002 ዓ.ም. ተዘጋ። እነዚያ የሎኪ ጨዋታዎች ዛሬ ራሱ ሊኑክስ ስለ ተለወጠባቸው ያለ ብዙ ድካም አይከፈቱም። የዚያው ጨዋታ የዊንዶውሱ እትም በዋይን በኩል ይልቅ ሲቀል ይታያል። ለሊኑክስ የተወለደው ልጅ በሊኑክስ ቤት ባይተዋር ሆነ ማለት ነው። በመጫወት ላይ ሌላውን የሚያታልሉትን ለመያዝ የሚሠሩ ጠባቂ ፕሮግራሞችም ብዙዎቹ ከሊኑክስ ጋራ አይስማሙም፤ አፔክስ ሌጀንድስ የተባለው ጨዋታ በ2024 ዓ.ም. ሊኑክስን ከደጁ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ከጓደኞቹ ጋራ በኢንተርኔት የሚጫወተው እንዲህ ያለውን ከሆነ፤ ሳትጠይቁት ኮምፒዩተሩን ወደ ሊኑክስ ብትለውጡበት የቤት ጠብ ትገዛላችሁ።

በእኛ አስተያየት የጨዋታን ዕድሜ ከሁሉ ይልቅ የሚወስነው የሠሪው ልብ ነው። ለዚህም ሁለት ጨዋታዎችን ጎን ለጎን እናቁም። ዱም የተባለው የተኩስ ጨዋታ (ለሕፃን የሚሆን ነው አንልም) በ1993 ዓ.ም. ወጣ። ሠሪዎቹ ከአራት ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ሶርስ ኮዱን ለሕዝብ ሰጡ። የሰጡትም የዶሱን ሳይሆን የሊኑክሱን ነበር፤ በዶሱ ውስጥ ያለው የድምፅ ክፍል የሌላ ሰው ንብረት ስለ ነበረ ሊሰጡት ሥልጣን አልነበራቸውምና። ከዚያ ወዲህ ዱም ያልገባበት የመሣሪያ ዓይነት የለም ቢባል ማጋነኑ ጥቂት ነው። ሥዕሉንና የጨዋታውን ቦታዎች ግን ስላልሰጡ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ ኮዱን መስጠት ገበያን ይገድላል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢመለከቱ መልካም ነበር።

ሁለተኛው ዘ ክሩ ይባላል። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. ያወጣው የአውቶሞቢል ጨዋታ ነው። ሰው ብቻውን ሲጫወት እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋራ በኢንተርኔት መገናኘት ግድ ነበረበት። ማርች 31 ቀን 2024 ዓ.ም. ሰርቨሩ ሲዘጋ ጨዋታውም አብሮ ተዘጋ፤ ገንዘቡን ከፍሎ ሣጥኑን በመደርደሪያው ያኖረ ሰው ሣጥኑ ቀረለት እንጂ የሚጫወተው አልቀረለትም። በ2025 ዓ.ም. ወዳጆቹ በገዛ ድካማቸው ለሰርቨሩ ምትክ ሠርተው በኮምፒዩተር እንደ ገና አስነሥተውታል፤ ይህ ግን የእነርሱ ትጋት ነው እንጂ የሻጩ ቸርነት አይደለም። ሮስ ስኮት የተባለ ሰው በዚሁ ተቈጥቶ የጀመረው አቤቱታ እስከ ጁላይ 2025 ዓ.ም. ድረስ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። በካሊፎርኒያም ሻጮች ለገዢው የሚሰጡት ንብረት ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን በግልጥ እንዲነግሩት የሚያዝ ሕግ ከ2025 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ሰርቨርን ለዘለዓለም ማቆም ብዙ ወጪ እንዳለበት አንክድም። የምንለው ሲዘጋ ለገዢው የሚቀጥልበትን መንገድ ይተውለት ነው።

የገበጣ እንጨት ቢሰበር ልጆች መሬቱን ቈፍረው፤ ጠጠር ለቅመው ይቀጥላሉ፤ ከእንጨት ጠራቢው ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። የቀድሞው ሰንጠረዣችን ግን በጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱም ሰዎች ተራ ሳይጠባበቁ ጦራቸውን የሚያሰልፉበት «ወረራ» የተባለ ክፍል ነበረው። ይህን የምናውቀው እንደ ሪቻርድ ፓንክረስት ያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች በጽሑፍ ስላቈዩልን ነው። እንጨት የማይፈልግ ጨዋታ እንኳ ተጫዋች ሲያጣ እንዲህ ከሆነ፤ በኮምፒዩተሩ ላይማ ምን ይባላል? በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክን የሚጠብቀው ድርጅት ባወጣው ጥናት፤ ከ2010 ዓ.ም. በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች ውስጥ ከመቶ 87ቱ ዛሬ በሱቅ አይገኙም።

በቤታችሁ ካርቶን ያለ እንደ ሆነ ከመጣላችሁ በፊት ክፈቱት። ዲስኩን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁ፤ የሚያነበው መሣሪያ ገና ሳለ ያለውን ወደ አዲስ ማስቀመጫ ገልብጡ። ይህም ለራሳችሁ መጠበቂያ ነው እንጂ ገልብጦ መሸጥ ስርቆት ነው። አብሮት ያለውን ትንሽ መጽሐፍ እንዳትጥሉት አደራ፤ የፋርስ ልዑል የዶሱ እትም ሌባን ለመከላከል ከመጽሐፉ ውስጥ የአንድን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ይጠይቃል፤ መጽሐፉ የሌለው ሰው ከዚያ አያልፍም። አሮጌውንም ኮምፒዩተር ቢሆን አትቸኩሉበት። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ዓ.ም. መደበኛ ጥበቃው ሲያበቃ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ያልቻለው ብዙ ነው፤ ሊኑክስ ቢጫንበት ግን የልጆች መጫወቻና መማሪያ ሆኖ ገና ያገለግላል። በካርቶኑም ላይ ውስጡ ምን እንዳለ፤ በማን እጅና በየትኛው ዓመት እንደ ተገዛ፤ በየትኛው ኮምፒዩተር ይሠራ እንደ ነበረ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት።