ስለ ታይታን አደጋ የተወራውና በምርመራ የተረጋገጠው

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። የዚህን ቃል እውነተኛነት ታይታን በተባለችው ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ከደረሰው አደጋ እንረዳለን።

መርከቢቱ በሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023) አምስት ሰዎች ይዛ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ጠለቀች። ዓላማዋም በ1904 ዓ.ም. የሰጠመችውን ታይታኒክን፥ ከባሕሩ ገጽ 3,800 ሜትር ያህል ወርዶ ለማየት ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ግንኙነትዋ ተቋረጠ።

ፍለጋው በቀጠለባቸው ቀኖች ከባሕሩ ውስጥ የመንኳኳት ድምፅ ስለ ተሰማ፥ ብዙዎች «ሰዎቹ በሕይወት ሆነው ይጣራሉ» አሉ። በሰኔ 15 ቀን ስብርባሪዋ ከታይታኒክ የፊት ክፍል 500 ሜትር ያህል ርቆ ተገኘ። መርከቢቱ በውኃው ግፊት ወደ ውስጥ የተጨፈለቀችው በዚያው በመጀመሪያው ዕለት ነበር፤ የተሰማውም ድምፅ ከእርስዋ የመጣ አልነበረም።

ከዚህ የከፋ ደግሞ ተከተለ። «የተጓዦቹ የመጨረሻ መልእክት» የተባለ ጽሑፍ ወጣ፤ ሰዎቹ ጥፋታቸውን አውቀው ወደ ላይ ለመውጣት ሲታገሉ እንደ ቆዩ ይተርክ ነበር። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የምርመራ ቦርድ መሪ ጽሑፉ የፈጠራ መሆኑን ገለጡ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም በግልጽ በተሰማው ምስክርነት የታየው እውነተኛው የመጨረሻ መልእክት፥ ሁለት ክብደቶች መጣላቸውን የሚገልጽ አጭር ቃል ብቻ ነው፤ የጭንቀት ጩኸት የለበትም። እንግዲህ ያን የፈጠራ ጽሑፍ ያነበቡትን እናቶችና ልጆች ኀዘን እናስብ።

ቦርዱ ሁለት ዓመት ከመረመረ በኋላ፥ በሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ300 ገጽ የሚበልጥ ሪፖርት አወጣ። አደጋው ሊወገድ ይችል እንደ ነበር፥ ከካርቦን ፋይበር የተሠራው የመርከቢቱ አካል በንድፉም በፍተሻውም በጥገናውም ጉድለት እንደ ነበረበት አስረዳ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአንድ ጉዞ መጨረሻ ከባድ የፍንዳታ ድምፅ ተሰምቶ ሳለ፥ ተገቢው ምርመራ ሳይደረግ ጉዞው ቀጠለ። ስለ ደኅንነት የሚናገሩ ሠራተኞችም ከሥራ እንዳይባረሩ ፈርተው ዝም ይሉ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አሉባልታው የሰውን ስሜት ሲቀሰቅስ፥ የጥፋቱን ምክንያት ሸፈነ፤ ምርመራው ግን ዘግይቶም ቢሆን ወደ ፊት የሌሎችን ሕይወት የሚያድን ትምህርት አቀረበ። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝም ሐሰቱን የፈጠረውን ብቻ ሳይሆን ሳያጣራ ለጎረቤቱ የሚያደርሰውንም ይመለከታል።

በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው ነገሩ ከተረጋገጠ በኋላ፥ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ስለ አደጋ ወሬ ይዘው ሲመጡ «ማን አየ? ማን መረመረ? ምርመራውስ አልቋልን?» ብላችሁ እንድትጠይቁአቸው እንመክራለን። መልስ ያልተገኘለትን ነገር ለሌላ ከማስተላለፍ ይልቅ ለሟቾቹ ዕረፍትን፥ ለቤተ ሰዎቻቸውም መጽናናትን መለመን ይሻላል።